በሳምንት ስምንት መቶ ሜትር

ሥራዬ ሰው መቀባት ነው። የምቀባው ካርታ ላይ ስለሆነ ሰውየው አይረጥብም። መሐል ሜዳ፣ የስጋት ካርታ ጽሕፈት ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር የእኔ ነው። በ2081 ዓ.ም. በወረዳችን አሥራ አራት ቀይ ቀበሮዎችና ሠላሳ አንድ ሺህ ሰዎች ነበሩ። ቀበሮዎቹን እምብዛም አላውቃቸውም። ሰዎቹን ግን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ ለቀበሮዎቹ እንደሚያሰጉት መጠን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማ ወይም ቀይ ናቸው።

ማንም ሰው አንገቱ ላይ ትንሽ መለያ ያንጠለጥላል። ደንቡ የስጋት መለያ ይለዋል፤ ሕዝቡ ክታብ ነው የሚለው። ክታቡ ሰውየው የት እንዳለ፣ መሬቱን ምን ያህል አጥብቆ እንደረገጠ፣ ስንቴ እንዳስነጠሰና ከስንት ሰው ጋር እንደቆመ ለካርታው ይነግራል። ስለዚህ ሰው ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ይታጠባል፣ ቀለሙን ያያል፣ ከዚያ ይወጣል። ሰላምታችንም ቀስ በቀስ ተለውጧል። «እንዴት አደራችሁ» ከተባባልን በኋላ «ቀለማችሁስ?» እንባባላለን። «አረንጓዴ፣ ተመስገን» ነው መልሱ።

ሰባት ሰው ባንድ ላይ ከቆመ ብርቱካንማ ስለሚሆን ለቅሶ የምንደርሰው ስድስት ስድስት እየሆንን ነው። እድሩ ተራ ያወጣል፤ የገዛ አጎቱን ለማልቀስ ተራ ሲጠብቅ የሟቹ አርባ የወጣበት ሰው አውቃለሁ። ሠርግ ላይ ጭፈራ አልተከለከለም፤ የተከለከለው መሬት መምታት ነው። ስለዚህ ትከሻችን ከአባቶቻችን ትከሻ በልጧል፣ እግራችን ግን ሥራ ፈትቷል።

ይህን የምናገረው ላማርር አይደለም፤ ልጅ ሳለሁ ቀበሮዎቹ አምስት ብቻ ነበሩ፣ አሁን አሥራ አራት ናቸው። የምናገረው በእማማ ኤልዳና ላይ የሆነውን ለማስረዳት ነው። የሆነው ሁሉ በደንቡ መሠረት ነው የሆነው። ከፊሉን ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ እሱም እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

እማማ ኤልዳና ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፣ የሚኖሩትም ከከተማው ጫፍ፣ የጓሳው ሣር ከሚጀምርበት ነው። እሳቸው በተወለዱበት ዘመን ሴት ልጅ ሁሉ ኤልዳና፣ ሶልያና፣ ሄራን ትባል ነበርና እነዚህ ስሞች ዛሬ የአሮጊት ስሞች ሆነዋል። አንዲት ልጃቸውን አስካለች ያሏት ዘመናዊ ስም ፈልገው ነው። አስካለች ደብረ ብርሃን አግብታ ትኖራለች፤ ያን ዓመት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር።

እማማ ቀይ የሆኑት በጥቅምት ወር፣ ማክሰኞ ቀን ነው። ቁጥር ዘጠኝ የምንላት ሴት ቀበሮ መጥታ ከደጃፋቸው ስልሳ ሜትር ላይ ተኛች። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ስጋቱ ከእንስሳው ይርቃል እንጂ እንስሳው ከስጋቱ አይርቅም። ርቀቱ ስምንት መቶ ሜትር ነው። ስጋቱ ሲነሳ ከነሙሉ ንብረቱ ይነሳል፣ ዱካው እንዳይቀር። የከተማው ጫፍ ቤቶች ለዚሁ ሲባል ተነቃይ ሆነው የተሠሩ ናቸውና ጎረቤት በደቦ ወጣ፣ ስድስት ስድስት ሆኖ ግድግዳውን፣ አልጋውን፣ አጥሩንና የገብሱን ጎታ ተሸከመ። በዚህ ዘመን በጎታ እህል የሚያስቀምጥ ሰው ብርቅ ነው። ከሁሉም የከበደው ጎታው ነበር፣ እማማም ከሁሉ ይበልጥ የተጠነቀቁት ለእሱ ነው፤ ልጆቼ ቀስ፣ ቀስ እያሉ እጃቸውን ከጎታው ሳያነሱ ስምንት መቶውን ሜትር አብረው ሄዱ።

በአራተኛው ቀን ቁጥር ዘጠኝ ከአዲሱ ደጃፋቸው ስልሳ ሜትር ላይ ነበረች። ካርታው ርቀት ይለካል እንጂ ማን ወደ ማን እንደሄደ አይለካም። ስለዚህ ወይዘሮ ኤልዳና በድጋሚ ወደ እንስሳው ቀረቡ ተብሎ ተመዘገበ፣ በድጋሚም ተነሡ። ኅዳር ሳይገባ ሦስት ጊዜ ተነሡ። ከተማው ወይዘሮ ዘጠኝ ይላቸው ጀመር።

ነገሩን በዓይኔ ልየው ብዬ አንድ ቀን ሄድኩ። እማማ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሰፌድ ላይ ገብስ እየለቀሙ ነበር። ቀበሮዋ ከጓሳው ውስጥ ብቅ አለች፣ ቀስ ብላ እየተራመደች መጣች፣ ስልሳ ሜትሯ ላይ ስትደርስ ቆማ ጆሮዋን ወደ ቤቱ ቀሰረች። እማማ ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም። ቅጹን አወጣሁ። «ሰው ወደ እንስሳ የቀረበበት ምክንያት» ይላል፤ ሀ. ለአደን፣ ለ. ለግጦሽ፣ ሐ. ለማገዶ፣ መ. ሌላ። «መ» ላይ «ተቀምጠው ነበር» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አቶ ናታን መቀመጥ ምክንያት አይሆንም የሚል ማስታወሻ አድርገውበት መለሱልኝ።

ስመለስ እማማ እስከ መንገዱ ሸኙኝና የልባቸውን ነገሩኝ።

«ያፌት፣ ቀዩም አረንጓዴውም ለእኔ ምኔም አይደል። ልጄ በየካቲት ትወልዳለች። የመጀመሪያዋ ነው። እናቷ በሕይወት እያለሁ ሌላ ሰው እንዲያርሳት አልፈልግም።»

ቀይ ሰው በገዛ ፈቃዱ ከወረዳው መውጣት አይችልም። ይህን እሳቸውም ያውቁ ስለነበር አልደገምኩላቸውም። ገብሱን የሚለቅሙት ለአስካለች የአራስ ገንፎ መሆኑን የነገሩኝም ያኔ ነው፤ ካለፈው ዓመት መኸር ከገባው ፍሬ በፍሬ እያዩ ሁለት ኩንታል አጠራቅመዋል።

በታኅሣሥ አቶ ናታን አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከበላይ በየወሩ ቀዩን ቀንሱ ይባላሉ፣ እሳቸውም መቀነስ ይወዳሉ። ወይዘሮዋ ስጋት ከሆኑ ቀበሮዋ ለምን አትሸሻቸውም ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። እንስሳ ዘወትር የማይለየው ነገር ምን ይባላል አሉኝ። መኖሪያ ይባላል አልኩ፣ ጉዳዩ ወዴት እንደሚሄድ ሳላስተውል። በማግስቱ እማማ ኤልዳና ጥብቅ ሥፍራ ቁጥር አሥራ ሁለት ተብለው ተመዘገቡ። ስፋት፦ በእሳቸው ዙሪያ ሁለት መቶ ሜትር። ከፍታ፦ አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት። የመልክዓ ምድር ዓይነት የሚለውን ክፍት ልተወው ስል ማሽኑ እንቢ ስላለኝ «ወይዘሮ» ብዬ ሞላሁት።

ክታባቸው ተፈታ። ካርታው ላይ ነጭ ሆኑ። ደስ ብሏቸው ለሁለታችንም ቆሎ አፈሱልንና እንግዲህ ወደ ልጄ እሄዳለሁ አሉ። አቶ ናታን በትሕትና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እማማ፣ ጥብቅ ሥፍራ እኮ አይሄድም። እንስሳው ከሄደ ሥፍራው ይከተለዋል። በራሱ ግን የትም አይሄድም።»

እማማ ልጃቸው ወደ እሳቸው መምጣት ትችል እንደሆነ ጠየቁ። ጎብኚ በትኬት ይገባል ተባሉ፤ ሁለት ሰዓት፣ መንካት የለም፣ ማብላት የለም፣ እሳት ማንደድ የለም።

ጥበቃው ለእኔ ተሰጠኝ። ገመድ ወጠርኩ፣ ሰሌዳ ተከልኩ። ጎረቤት መምጣት ቀነሰ፤ ጨው ልትበደር ትኬት የምትቆርጥ ሴት ማን አለች? በጥብቅ ሥፍራ ውስጥ እሳት ስለማይነድ እማማ ሁለት ወር ሙሉ በሶ በጥብጠው ኖሩ። አላማረሩም። ጠዋት ጠዋት የጎታውን አፍ ከፍተው ያያሉ፣ ይዘጉታል፣ የካቲት ስንት ቀን ቀረው ብለው ይጠይቁኛል።

የካቲት አሥራ አንድ ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ አስካለች በጎብኚ ትኬት መጣች። ባሏ ምንተስኖት የእሱ ትኬት ለማግስቱ ስለነበር ከገመዱ ውጭ ቀረ። ስትራመድ አየኋት፤ ሁለት እርምጃ ትሄድና ትቆማለች። ምጧ ከጣርማ በር ጀምሮ እንደያዛትና ለማንም እንዳልተናገረች በኋላ ነው የሰማሁት። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅም ትኬት ቆርጣ ገባች። የአስካለች ትኬት ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ሴት ልጅ ተወለደች። ጮክ ያለ ድምፅ በካርታው ስለሚቆጠር ከገመዱ ውጭ ያሉት ሴቶች እልልታቸውን በነጠላቸው አፍነው ሦስት ጊዜ አሉ።

ትኬቱ አለቀ። ሥራዬ ጎብኚዋን ማስወጣት ነበር። ደጃፉ ድረስ ሄጄ ቆምኩ። እማማ ወጥተው በሩን በጀርባቸው ደገፉት።

«ደሟ ያልደረቀ ሴት ልታስወጣ ነው የመጣኸው?»

አፈርኩ። መሬት መሬት እያየሁ የደንቡን መጽሐፍ ከቦርሳዬ አወጣሁ፣ ቢያንስ ዓይናቸውን ላለማየት። እንዲህ ሳገላብጥ አንድ አንቀጽ አገኘሁ፤ በጥብቅ ሥፍራ የተወለደ ፍጥረት እስከ ሰማንያ ቀን ከተወለደበት አይወሰድም፣ የምታጠባ እናቱም አትረበሽም ይላል። ሰማንያ ቀን ለሴት ልጅ የክርስትናዋ ቀን ነው። በአሥራ አራት ዓመት ሥራዬ ያ መጽሐፍ ደስ ያሰኘኝ ያን ቀን ብቻ ነው። እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብዬ የውልደት ቅጹን ሞላሁ። ዓይነቱን ሲጠይቅ ሦስት ምርጫ ነበረው። መጤ ብል ትባረራለች። ለማዳ ብል ከጎብኚዋ ጋር ትወጣለች። ብርቅዬ የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

እማማ ግንባሬን ሳሙኝ። ያን መሳም ሳስታውስ ዛሬም ይጨንቀኛል።

የእሳቱን ነገርም እኔ ጨረስኩት። በጥብቅ ሥፍራ ውስጥ የሚፈቀደው በተፈጥሮ የተነሳ እሳት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ገንፎ በተገነፋ ቁጥር መብረቅ ወደቀ ብዬ መዘገብኩ። በሰማንያ ቀን ውስጥ ሥፍራ ቁጥር አሥራ ሁለትን ሁለት መቶ አርባ ጊዜ መብረቅ መታው፣ ሁሌም በቁርስ፣ በምሳና በእራት ሰዓት። ከበላይ አንድ የአየር ጠባይ አጥኚ ጉዳዩ አስደንቆት ደብዳቤ ጻፈልን። ጎረቤት በየተራው በትኬት እየገባ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አላት፤ ምንተስኖት በየእሑዱ ለሁለት ሰዓት ልጁን እያየ ተመለሰ። መንካት ስለማይፈቀድ እጁን ኪሱ ከቶ ነበር የሚያያት። እኔ በዚያ ሰዓት ገመዱን ማጥበቅ አበዛ ነበር፣ ጀርባዬን ሰጥቼ።

የሕፃኗ ስም ደብሪቱ ተባለ። ክርስትናዋ ግንቦት አንድ ቀን፣ በልደታ ዋለ። ቄሱ ትኬት ቆርጠው ገቡ፣ አጥምቀው ወጡ፣ አስካለችም ወደ ቤቷ ልትሄድ ጓዟን ሸከፈች።

ያኔ ነው ካርታው ሒሳቡን የጨረሰው። ማያ ገጼ ላይ አዲስ ነጥብ በራ። ብርቅዬ። ብዛት፦ አንድ። ሁኔታ፦ ለመጥፋት እጅግ የተቃረበ። ካርታው ብርቅዬ ሲያገኝ አንድ ነገር ነው የሚያውቀው፤ ለእሱ ቅርብ የሆነውን ሰው ይፈልጋል። እማማ ሥፍራ ናቸው፣ አይቆጠሩም። ሰማንያው ቀን አልቋልና እናቲቱ ተቆጠረች። ስጋት፦ ወይዘሮ አስካለች። ርቀት፦ ዜሮ ሜትር። የክታቧ ጩኸት ከቤቱ ውስጥ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ።

ወደ ቢሮ በሩጫ ሄድኩ። አቶ ናታን ወረዳችን አዲስ ብርቅዬ በማስመዝገቡ ከበላይ ምስጋና ደርሷቸው ነበር። ቅጹን በስሕተት ነው የሞላሁት፣ ልሰርዘው አልኳቸው። አዘኑልኝ፤ ብርቅዬ ከመዝገብ የሚሰረዘው ሲጠፋ ብቻ ነው አሉኝ። ከዚያ ትእዛዙን ሰጡኝ። ስጋቱ ከእንስሳው ስምንት መቶ ሜትር ይነሳ።

ወረቀቱን ይዤ ተመለስኩ። ለማንበብ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ አቋረጥኩ፣ በሦስተኛው አነበብኩት። አስካለች ልጇን ወደ ጡቷ አስጠጋች፣ ክታቡም ባሰበት። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው፤ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነው አልኩ። እማማ አልሰሙኝም። የሆነ ነገር እያሰቡ ነበር።

«ስጋቱ ከነንብረቱ ነው የሚነሳው፣ አይደል ያልከኝ?»

«አዎ፣ እማማ። ዱካው እንዳይቀር።»

«እንግዲያው ጻፍ። ገብሱ የአስካለች ነው። የእሷ መታረሻ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።»

ገብሱ ምን ያደርጋል አልኳቸው። እጄን ይዘው ወደ ጎታው ወሰዱኝና ጎንበስ በል አሉኝ። ጎታው ሥር ካለው ጭድ ውስጥ የአይጦች ጫጫታ ይሰማል።

«ቀበሮዋ እኔን ወዳ መስሎሃል? አይጦቹን ነው። አይጦቹ ደግሞ ገብሱን ነው። ጎታውን ስትሸከሙት እነሱንም ትሸከሟቸው ነበር።»

ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን እንዳልተናገሩ ጠየቅኋቸው። ቀይ ሆነው፣ ሦስት ጊዜ ተነስተው፣ ሥፍራ ተብለው፣ በሶ እየበጠበጡ፤ አንድ ቃል ቢናገሩ ጎታውን አንስተን እሳቸውን እንተዋቸው ነበር።

«ስለ እኔ እንጂ ስለ ገብሱ ማን ጠየቀኝ? ብናገር ትወስዱት ነበር። ልጄን በምን ላርሳት?»

ቅጹን አወጣሁ። ንብረት በሚለው ፊት «ሁለት ኩንታል ገብስ ከነጎታው» ብዬ ጻፍኩ፣ የተበላውን ሳልቀንስ። ቀጥሎ ስጋቱ የሚነሳበት አቅጣጫ የሚል ባዶ ቦታ አለ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እዚያ ላይ ያሻኝን ስጽፍ ኖሬ አንድም ቀን አስቤበት አላውቅም። «ወደ ደብረ ብርሃን» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት ስድስት ሰዎች ጎታውን ተሸክመው ፊት ፊት ሄዱ፣ አስካለች ከጎናቸው። ቁጥር ዘጠኝ ድሮ ለመከተል አራት ቀን ይፈጅባት ነበር፣ አሁን ግን በጋውን ሙሉ ከጎታው ጋር ኖራ ለምዳ ኖሮ ሃምሳ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ኋላቸው ተከተለች። እንስሳው ከሄደ ሥፍራው ይከተለዋልና እማማ ቀበሮዋን ተከተሉ። በሥፍራው የተመዘገበ ብርቅዬ ከሥፍራው አይለይምና ደብሪቱ በእማማ ጀርባ ታዝላ ሄደች። እኔ ገመዱን ጠቅልዬ፣ ሰሌዳውን ተሸክሜ ከኋላ ነበርኩ። ስምንት መቶው ሜትር አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም። ጎታው ተቀመጠ፣ ቤቱ ተተከለ፣ ገመዱ ተወጠረ። አስካለች እጇን ዘረጋች፣ ልጇን ተቀበለች፣ ክታቡ ጮኸ። አዲሱ ትእዛዝ ተፈርሞ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል። በሳምንቱ መጣ፣ ደግሞ ተነሳን።

አቶ ናታን ስጋቱ ለምን ሁሌ ወደ አንድ ወገን እንደሚነሳ አንድ ጊዜ ጠይቀውኛል። ደንቡ ርቀቱን እንጂ አቅጣጫውን አይናገርም አልኳቸው። መጽሐፉን አገላበጡ፣ እውነቴን ነው፣ ፈረሙ። ሥፍራ ቁጥር አሥራ ሁለት ከወረዳው ሲወጣ የሚቀጥለው ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጥብቅ ሥፍራ በማግኘቱ ተደስቶ ተቀበለን። ገብሱ እንዳያልቅ በየደረስንበት ያለ እድር ስድስት ስድስት ሆኖ እየመጣ ጎታው ውስጥ ይጨምራል። ሰዉ ምን እንደሆነ አይጠይቅም፤ አራስ አለች ሲባል ይበቃዋል።

እኔ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። ደብረ ብርሃን ድረስ መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መቶ ሰማንያ ስምንት ጉዞ ይሆናል። ደብሪቱ አባቷ ቤት የምትገባው አራት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ሲቀራት ነው። ጣርማ በር ስንደርስ የወተት ጥርሷን አብቅላ ትጨርሳለች። ምንተስኖት አሁንም በየእሑዱ በትኬት ይመጣል። ሲገባ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነው፤ መንገዱ ካለፈው ሳምንት በስምንት መቶ ሜትር አጠረልኝ ይለኛል።

ባለፈው ሐሙስ አርባኛውን ጉዞ ጨረስን። እማማ ደክሟቸው ደብሪቱን ሣሩ ላይ አስቀመጧት። አስካለች አሥር እርምጃ ያህል ርቃ ጭድ ታስተካክላለች፣ ክታቧ ለአፍታ ዝም ብሏል። ልጅቷ በሁለት እጇ መሬቱን ተደግፋ ተነሳች። ቆመች፣ ተንገዳገደች፣ ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ተራምዳ ሄደች፤ በሕይወቷ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ቀበሮዋ እንኳ ቀና ብላ አየች። አስካለች እጇ ላይ ጭድ እንደያዘች ቀረች፣ አንድ እርምጃ እንኳ ወደ ልጇ አልሄደችም፤ አለመሄዷን ቆሜ አይቻለሁ። ደብሪቱ ደርሳ ቀሚሷን ጨበጠች፣ ክታቡም ጮኸ።

ቅጹ ወዲያው መጣልኝ። ሰው ወደ እንስሳ የቀረበበት ምክንያት። ሀ. ለአደን፣ ለ. ለግጦሽ፣ ሐ. ለማገዶ፣ መ. ሌላ። ሰሌዳውን ጭኔ ላይ አስደግፌ «መ» ላይ «ልጅቷ ናት የመጣችው» ብዬ ጻፍኩ።